የኋላ ማርሽ የላትም

«ያቺ መኪና እኮ የኋላ ማርሽ የላትም!»

ይህን የሚለው አጎትየው ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብሎታል። ሻይ እየጠጣ ብሎታል፤ ሞተር ውስጥ እስከ ትከሻው ተቀብሮ ብሎታል፤ አንዴ እንዲያውም ሆስፒታል የተኛ ጓደኛውን ሊጠይቅ ሄዶ፣ ሰውየው አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ብሎታል። ባለ ጋራዥ ነውና ማንም «ከየት አመጣኸው?» ብሎ አልጠየቀውም። ጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበት ሰው ስለ መኪና ሲናገር ሕዝቡ ዝም ብሎ ያምናል።

መኪናዋ የጡረተኛዋ አዋላጅ አሮጌ ስቴሽን ዋገን ናት። ቀለሟ የተበላሸ ወተት፣ ጀርባዋ እንደ አዳራሽ የረዘመ። አዋላጇ በደህናው ዘመን ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ከኋላ እያስተኙ ሆስፒታል ያደርሱባት ነበር፤ መንገድ ላይ የቸኮለውን ልጅ ደግሞ እዚያው ይቀበሉታል። ዓይናቸው ሲደክም አንድ ቀን ግቢ አስገብተው፣ አፍንጫዋን ከግድግዳው አስጠግተው አቆሟትና ቁልፏን ሚስማር ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ ገዢ መጥቶ መጥቶ ሄዷል። ከፊቷ ግድግዳ፣ ከኋላዋ የአጎትየው ወሬ።

የእህቱን ልጅ ግን ወሬ አያስፈራትም። አጎትየው «ምላጭ» ብሎ ካወጣላት ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም፤ እናቷ እንኳ ስትቆጣ ብቻ ነው የምታስታውሰው። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ የዚያችኑ ዓይነት መኪና የጥገና መጽሐፍ ይዞ መጣና አንድ ቅጂ አዘዘ፤ እሷ ሁለት አወጣች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ሁሉም ስለ መፍታትና መግጠም፤ ስለ መንዳት አንድ መስመር የለውም! መዝገበ ቃላት ከጎኗ አድርጋ ዓመት ሙሉ አነበበችው። እኩዮቿ የዘፈን ግጥም በቃላቸው ሲይዙ እሷ የካርቡራተር አፈታት ያዘች።

የአጎትየው ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር የሚገቡባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ። ሁለተኛው፣ ሸሪኩ ተጣልቶት ከሄደ ወዲህ ባዶ ነው። የሷ ሕልም ያ ጉድጓድ ነው። ሌላዋ ፎቅ ስታልም እሷ ጉድጓድ ታልማለች፤ ወርዳ፣ ቀና ብላ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ የምትሠራበት የራሷ ጉድጓድ።

«አጎቴ፣ ሁለተኛውን ጉድጓድ ስጠኝ።»

«ልትቀበሪበት?»

«አንተን ልቀብርበት።»

የጋራዡ በያጅና ቀለም ቀቢ ሳቁ። አጎትየው አልሳቀም። «ስሚ ምላጭ፣ ፎቶ ኮፒ እያነበበ መካኒክ የሆነ የለም። ጉድጓዱን ለጎማ ሠሪው ልሰጠው ነው።»

«ምን ባደርግ ነው ለኔ የምትሰጠኝ?»

አጎትየው እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት። ከዚያ ፈገግ አለ። «የአዋላጇን መኪና በራሷ ሞተር እየነዳሽ በዚህ በር አግቢያት። ጎታች መኪና የለ፣ ገፊ ሰው የለ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ እስከ ቀትር። ካመጣሻት ጉድጓዱ ያንቺ። ካላመጣሻት ወደ ወረቀትሽ! ሁለተኛ ጋራዤ በር ላይ ቆመሽ ሥራዬን እንዳታርሚ።»

«በነሱ ፊት ነው ያልከው።»

«በነሱ ፊት ነው ያልኩት። ግን ታውቂያለሽ፣ ያቺ መኪና እኮ…»

«የኋላ ማርሽ የላትም! ሰማን!»

በዚያው ቀን ቦርሳዋን ገልብጣ፣ የቆጠበችውን ሁሉ ይዛ አዋላጇ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ መኪናዋን ልገዛዎት ነው።»

«መካኒክ ነሽ?»

«ነኝ፣» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

«ወንዶቹ ይመጣሉ፣ ጎማ በእርግጫ ይመታሉ፣ ይሄዳሉ። እኔን የሚጠይቀኝ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት እንዳልነዳኋት!»

«ወንዶች ምን ያውቃሉ፣» አለች ምላጭ። ገንዘቧን አስረክባ ቁልፉን ከሚስማሩ አነሳችና እሷም ምንም ሳትጠይቅ ወደ መኪናዋ ሄደች።

የኋላው ወንበር ላይ አንዲት ድመት ከነልጆቿ ሰፍራ አገኘቻት፤ የወሊድ ክፍል መሆኑን ማን እንደነገራት እንጃ። ነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ነገር ነዳጅ ሳይሆን የዝገት ሾርባ ነው። ምላጭ ከፎቶ ኮፒ ቤት ስትወጣ በቀጥታ እዚያ ናት፤ ካርቡራተሩን በእናቷ ሻይ ማቅረቢያ ሰሃን ላይ ፈታታችው፣ ካንዴላዎቹን በጥርስ ብሩሽ ፈተገች (የራሷ አይደለም፣ የእናቷም አይደለም፣ ስለሱ ባንናገር ይሻላል)። በስድስተኛው ቀን ሞተሩ እንደ ሽማግሌ አጫሽ ሁለቴ ሳለና ተነሳ። ጥቁሩ ጭስ የጎረቤትን ነጭ አንሶላ ግራጫ አደረገው። ጎረቤት ተሳደበች፤ ምላጭ በደስታ ጨፈረች።

ከዚያ እጀታውን ይዛ የኋላ ማርሽ ፈለገች። ወደ ግራ፣ የለም። ወደ ቀኝ፣ ግርርር! ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠች፤ አባበለች፤ ሰደበች። የለም። ማርሹ በመጥፋቱ አልነበረም አንጀቷ የቆሰለው፤ አጎቷ ለአንዴ እውነት ተናግሮ በመገኘቱ ነው።

የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ይውረድ አለች። ክሪኩን ከሥሩ አስገብታ ብሎኖቹን ስትፈታ አዋላጇ ከቤት ወጡ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ብዙ ነገር ነው እትዬ። የሙያ ጉዳይ ነው።»

አዋላጇ ሙያ ያከብራሉ። ሌላ ቃል ሳይተነፍሱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፉና ተንበረከኩ። «በይ ቀስ! አይዞሽ… መጣ፣ መጣ!» ካምቢዮው ዘይት በዘይት ሆኖ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘረገፈ። አዋላጇ ትንፋሻቸውን ሰብስበው አዩት። «ስንቱን ተቀብያለሁ፤ እንዲህ የከበደኝ ግን የለም። ደግሞ አባቱን ይመስላል፣ ማንም ይሁን።»

ምላጭ ከፍታ አየችው። የማርሾቹ ጥርስ ሁሉ ሙሉ ነው። አንድም የተበላ፣ አንድም የተሰበረ የለም፤ አጎትየው ራሱ አፉ ውስጥ ያን ያህል ጥርስ የለውም። አጠበችው፣ ገጠመችው፣ ሰቀለችው። ሞከረች። ግርርር! መጽሐፉ ማርሹ አለ ይላል፣ ጥርሱ አለሁ ይላል፣ እጀታው የለም ይላል። ከሦስቱ ማን እንደሚዋሽ ማወቅ አቃታት። ጉልበቷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐሙስ ሆኗል።

ያን ሐሙስ አዋላጇ እህታቸውን ሊጠይቁ ለሁለት ቀን ሄዱ። ምላጭ ግቢውን በእርምጃዋ ለካች፤ መኪናዋን ለማዞር ይበቃል፣ ማዞሪያ ከተገኘ። ከዚያ ዓይኗ ክሪኩ ላይ አረፈ።

የመኪናዋን ቂጥ በክሪክ አነሳች። ጎማዎቹ ከመሬት ሲለቁ ትከሻዋን ከጎን አስደግፋ ገፋች፤ መኪናዋ ከክሪኩ ተንሸራታ «ዷ!» ብላ ወደቀች። አንድ ስንዝር ዞረች። እንደገና አነሳች። «ዷ!» ሌላ ስንዝር። አንዴ ከኋላ፣ ግድግዳው ሲያስቸግራት አንዴ ከፊት። ዓርብ ምሳ ይዛ የመጣችው እናቷ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«መኪናውን ነው የምትጥይው?»

«እያዞርኩት ነው።»

«ልጄን!» አለች እናት ወደ ሰማይ አንጋጣ፤ ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «ምሳሽ ይቀዘቅዛል።»

መኪናዋ ስልሳ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የመኪናዋ አፍንጫ በሩን ያይ ነበር፤ የምላጭ ትከሻ ደግሞ እንደ ጥቁር ወይን ጠቁሯል። ቅዳሜ ጠዋት የተመለሱት አዋላጅ መኪናዋን አይተው ደስ አላቸው።

«አዞርሻት?»

«አዞርኳት።»

«ጎበዝ! ቀላል ናት አይደል?»

ምላጭ ሞተሩን አስነሳች።

ወደፊት ብቻ በሚሄድ መኪና ከተማ ማቋረጥ እንደ ፖለቲከኛ መኖር ነው፤ የተሳሳቱበት ቦታ መመለስ የለም። እሷ መንገዱን ሌሊቱን በሐሳቧ ስትነዳው ስላደረች አልተሳሳተችም። ጋራዡ ሊደርስ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረው ግን፣ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፈው ቀጭን መንገድ ላይ አሸዋ የጫነ ትልቅ መኪና ፊት ለፊት ገጠማት። ቀትር ሊሆን ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ወደኋላ በይ!»

«አንተ በል!»

«የጫንኩትን አታይም እንዴ? ያንቺ ባዶ ነው!»

«ያንተም ጭንቅላት ባዶ ነው፣ እኔ ምን አልኩህ?»

«መንጃ ፈቃድሽን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከናትህ!»

ሞተሩን አጠፋች። እግሯን አጣጥፋ ከመጽሐፏ አንድ ቅጠል መዘዘችና ማንበብ ጀመረች። ከኋላዋ ሌሎች መኪኖች ተሰልፈው ጡሩምባ ማስጮህ ሲጀምሩ ሹፌሩ የማታውቃቸውን ዘመዶቿን ሁሉ እየሰደበ፣ ያን ሁሉ አሸዋ ይዞ፣ መንገዱን ሙሉ ወደኋላ ወጣላት። ስታልፈው እጇን ከፍ አድርጋ እንደ ንግሥት ሰላም አለችው።

ጋራዡ በር ላይ የጎማ ሠሪው ጎማዎች ተቆልለዋል። ጡሩምባዋን ነፋች። ጎማ ሠሪው ጎማዎቹን እያንከባለለ ሸሸ፤ ስቴሽን ዋገኗ እያጨሰች ገባችና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። ለቀትር አራት ደቂቃ ቀርቷል።

አጎትየው ዙሪያዋን ዞረ። «ማን ጎተተሽ?»

«ማንም።»

«ማን አዞራት?»

«እኔና ክሪክ።»

«ክሪክ አይቆጠርም!»

«ክሪክማ የሥራ ዕቃ ነው፣» አለ በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ። «ጎታች የለ፣ ገፊ ሰው የለ ነው ያልከው። እሷ ደግሞ መካኒክ እንጂ…» ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚያደርሰው ሲገባው መነጽሩን መልሶ ዓይኑ ላይ ጣለ። አጎትየው ግን መሸሻ አጣ። የጉድጓዱን መብራት ማብሪያ በጣቱ አሳያት፤ እንደ ርክክብ ይቆጠር።

ምላጭ መኪናዋን በክሪክ አሥራ ስድስት ጊዜ ጥላ ከጉድጓዱ አፍ ወደ ጥግ አስጠጋቻት። በሳምንቱ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ገባ፤ ራሱ ባለ አሸዋው ሹፌር፣ ሳያውቃት። በሦስተኛው ሳምንት አዋላጇ መጡ፤ የንባብ መነጽራቸውን መኪናዋ ኪስ ውስጥ ረስተውት ነበር። አገኙት። ከዚያ መሪውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ «እስኪ አንዴ ልሰናበታት፣» ብለው ሞተሩን አስነሱ። እጀታውን በመዳፋቸው ቁልቁል ተጭነው ሳቡት። መኪናዋ ያለ አንዳች ድምፅ ወደኋላ ሄደች፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀጥ።

የጋራዡ መዶሻ ሁሉ ቆመ።

«እትዬ፣» አለች ምላጭ፣ «ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ? እጀታውን ወደታች ተጭነሽ ነዋ ወደ ግራ የምትስቢው። በስህተት እንዳይገባ ብለው ነው እንደዚያ የሠሩት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የሙያ ጉዳይ ነው አላልሽኝም? ደግሞ መኪናዋን አዙረሽ ሳገኝሽ አወቅሽው ብዬ ነው።» አዋላጇ መነጽራቸውን አድርገው፣ እስከ ወገቡ አንድ ሞተር ውስጥ የተቀበረውን አጎትየውን ጀርባ ትኩር ብለው አዩት። «ይሄ አጎትሽ አይደለም? ዓይኔን ልታከም ተኝቼ ሳለ ግድግዳው ሊቀባ ነው ተብሎ ሊያወጣት መጥቶ፣ ግማሽ ቀን ሲታገላት ውሎ ጥሏት ሄደ አሉኝ። ከሆስፒታል እንደወጣሁ እዚሁ በሩ ድረስ መጥቼ፣ እንዴት እንደሚገባ በእጄ አሳይቼዋለሁ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት።»