ማሽኑ በላው የተባለው ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ፣ ፊልሙ እስኪጀመር የታናሽ እህቷን ቀሚስ እጅጌ ታቃናለች። ቀሚሱን የሰፋችው ራሷ ናት። ታናሽየዋ ስመ ጥር ዘፋኝ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ግን ይህችው ልብስ ሰፊ ናት።

የዛሬው ዘጋቢ ፊልም ስለ ጋሽ ጆሮ ሙዚቃ ቤት ነው። ጋሽ ጆሮ የሚባሉት ባለቤቱ ናቸው፤ የሳተ ዜማ ከግድግዳ ማዶ ይሰማሉ ተብሎ የወጣላቸው ስም ነው። ከመድኃኒት ቤት ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ሸፍነው፣ ትልልቆቹ አሳታሚዎች የመለሷቸውን ልጆች ሲቀርጹ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አንድ ዐመል አለባቸው፤ በዘፈንና በዘፈን መካከል መቅረጫውን አያጠፉም። የቀዱትንም አይጥሉም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አባቶች ጋሽ ጆሮን ስላላዩ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ የድምፅ መቅረጫ ክር አንሥተው ለፊልም ሠሪው ሰጡት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ክሩ ፊልሙን ያሳምረዋል፣ ፊልሙ ደግሞ ጋሽ ጆሮ ከድሮ ቅጂዎቻቸው ሊያሳትሙ ያሰቡትን የሙዚቃ ሸክላ ያሻሽጣል።

ልብስ ሰፊዋም ድሮ ትዘፍን ነበር። በእህቷ የመጀመሪያ አልበም ላይ ሁለተኛ ድምፅ ሆና ስድስት ዘፈን ተቀርጻለች። በሳምንቱ ታናሽየዋ እያለቀሰች መጣች።

«እታለም፣ ያንቺን ድምፅ ማሽኑ በላው» አለቻት።

የሷን ብቻ። እንዲህ መርጦ የሚበላ ማሽን አይታ ስለማታውቅ፣ ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ከማሽኑ አሳልፋ ወደ ላይ ወሰደችው፤ ፈጣሪ ዝም በይ ብሎኛል አለች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ እንኳን አንጎራጉራ አታውቅም።

ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ምስሉ ጠፍቶ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሁለት ሴቶች ይዘፍናሉ። አንደኛዋ እህቷ ናት። ሌላኛዋ ከታች ተነሥታ ዜማውን በትከሻዋ ትሸከመዋለች። ልብስ ሰፊዋ ይህች ልጅ ማን ነበረች ብላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ራሷ መሆኗን አወቀች። ደስታው ደረቷን ሞላው።

ዘፈኑ አለቀ፤ መቅረጫው ግን አልቆመም።

«እሷን አውጡልኝ» አለ የታናሽየዋ የልጅነት ድምፅ።

«ለምን? ድንቅ ናት እኮ!» አሉ ጋሽ ጆሮ።

«ለሱ ነዋ! እሷ ካለች እኔን ማን ይሰማኛል? ማሽኑ በላው እላታለሁ። እሷ እንደሆነች የነገርኳትን ሁሉ ታምናለች።»

«አንቺ ጉደኛ!» ብለው ጋሽ ጆሮ ሳቁ።

አዳራሹም አብሮ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን ተከድታለች፤ ሌላ ስም አጣችለት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እሷ ደግሞ ይህን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምራ ያሳደገችው ናት። ዞር ብላ እህቷን አየቻት። ታናሽየዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ ያ ክር መኖሩን አታውቅም ነበር።

መብራት ሲበራ ጋሽ ጆሮ ወረቀት ይዘው መጡ።

«እንኳን ደስ አለሽ! ድምፅሽ በሸክላ ሊወጣ ነው። እዚህች ላይ ፈርሚልኝ ብቻ።»

«ጋሼ፣ ያኔ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ልጄ፣ አልበሙ መውጣት ነበረበት። በእህትማማቾች መሀል ደግሞ ምን ብዬ ልግባ?»

«በየዓመቱ ሱሪ ሊያሳጥሩ ሱቄ ሲመጡም ያውቁ ነበር።»

ያ ሁሉን የሚሰማ ጆሮ ይህን እንዳልሰማ ሆነ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ታናሽየዋ እጇን ያዝ አደረገቻት።

«እታለም፣ ልጅ ነበርኩ እኮ። በናትሽ፣ ሰው እያየን ነው፤ ፈገግ በይ።»

ሰው በእርግጥም እያየ ነበር። ከኋላ «ሁለተኛዋ ትዝፈን!» እያለ ያጨበጭባል። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ፈጣሪን ተቀይሜ ኖርኩ» አለች። «ለካ እሱ የለበትም። ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

«እኔንስ ይቅር ትዪኛለሽ?» አለች ታናሽየዋ።

«ያንቺን ጥፋት በማን ላመካኝ? ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።»