ሰማያዊነቱን የተወው ዓሣ

ሰሚራ በባዮሎጂ ተመርቃ፣ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ውስጥ አኳሪየም፣ ዓሦች የሚኖሩበትን የመስታወት ገንዳ፣ ትንከባከብ ነበር። ደንበኞች አብልጠው የሚወዱት ከቀይ ባሕር የመጣውን ኤንጅልፊሽ የተባለ ዓሣ ነበር፤ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ነጫጭ መስመሮች ነበሩት። ከጊዜ በኋላ ግን መስመሮቹ ደበዘዙ፤ ገላውም አመድማ ሆነ።

የካፌው ባለቤት አቶ ወልደሩፋኤል ጠሯት።

«ይሄ ዓሣ ታሟል። ሌሎቹን ሳይበክል አውጥተሽ ጣይው።»

«አልታመመም ጋሼ፣ አድጎ ነው። ልጅ ሳለ መልኩ የሚለየው ትልልቆቹ ባላንጣ መስሏቸው ከኮራል ቋጥኛቸው እንዳያባርሩት ነው። ትንሽ ቢታገሡት ጎኑ ላይ ቢጫ ያወጣል።»

«እኔ የገዛሁት ሰማያዊ ነው። ካልጣልሽው ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ።»

«ይፈልጉ! እኔ ጤነኛ ዓሣ አልጥልም።»

«እንግዲያው ይዘሽው ሂጂ፤ እንዳትመለሺ!»

ክዳን ባለው ባልዲ ይዛው ታክሲ ገባች። ረዳቱ «እንዳይሸት ብቻ!» ሲላት፣ «በሕይወት ያለ ዓሣ አይሸትም» ብላ ባልዲውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ቤታቸው ውስጥ የራሷ አኳሪየም ነበራት። እናቷ ወይዘሮ ጠጅቱ ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

«ለዓሣ ብለሽ ከሥራ ወጣሽ?»

«ደህናውን ታሟልና ጣይው ሲሉኝ እሺ ልበል፣ እማ?»

ዓሣው ጥግ ይዞ ምግብ እምቢ አለ። እናቷ «ሰውየው እውነታቸውን ይሆን?» ማለት ጀመሩ። ሰሚራም ልቧ ፈራ፤ እጇ ግን አልቦዘነም። መሸሸጊያ ካላገኘ እንደማይረጋጋ ስለምታውቅ ድንጋዮቹን ደርድራ ዋሻ ሠራችለት። ባሕር ውስጥ ስፖንጅ የሚባለውን ቋጥኝ ላይ የሚጣበቅ የባሕር እንስሳ እየነጨ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ምግቡን ድንጋይ ላይ ቀባችለት። አንድ ጠዋት ወጥቶ ነጨው። እናቷ ናቸው ያዩት፤ እልል አሉ።

ሰሚራ የሌሎች ሰዎችን አኳሪየም በክፍያ መንከባከብ ጀመረች። ወራት አልፈው የዓሣው ጎን ላይ ሰፊ ቢጫ ወጣ፤ ገላውም ወይን ጠጅ ሆነ። ወሬው ካፌ ደረሰና አቶ ወልደሩፋኤል የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እያለከለኩ ወጡ።

«እንዲህ ያምራል እንዴ? በይ መልሺልኝ፤ ሥራሽም ይመለስልሻል።»

«አልመልስም።»

«የእኔ ዓሣ እኮ ነው!»

«ይጣል ሲሉ ትተውታል፣ ጋሼ።»

ሰውየው ወደ እናቷ ዞሩ። «እርስዎ እንኳ ይምከሯት እንጂ!»

ወይዘሮ ጠጅቱ ወንበር ሳቡላቸው። «ደክሞዎታል፤ አረፍ ይበሉና እስኪጠግቡ ይዩት። መውሰድ ግን የለም።»