ጥቁር የማያሳየው መነጽር

ወንዳፍራሽ ገበሬ ፊት ሲቆም ድምፁን የሚያለሰልሰው ነገር የወይንሐረግን ያቅለሸልሻታል። አንገቱን ሰበር፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አባታችን» ይላል፣ «እናታችን» ይላል። መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ጫማውን በሶፍት እየጠረገ፣ «እነዚህ ሰዎች መቼ ይሆን የሚገባቸው?» ይላል። ሰው እንዲህ ሁለት ፊት ይዞ እንዴት አንድ መስታወት እንደሚበቃው ይገርማታል።

ወንዳፍራሽ የአንድ አማካሪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው። ድርጅቱን የቀጠረው ሱሉልታ ላይ ቪላዎች ሊገነባ የተነሣ ባለሀብት ሲሆን፣ የወይንሐረግ ደግሞ የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ባለሀብቱ ከውጭ ያስመጣው መነጽር አለ። መነጽሩ ግልጽ ነው፤ ያደረገው ሰው ሜዳውን እንደ ወትሮው ያያል፣ በሜዳው ላይ ግን ገና ያልተሠሩት ቤቶች በብርሃን ተሥለው ይታዩታል። ሲያወሩት ተአምር ነው። የሱሉልታ ፀሐይ ሲወጣ ግን ተአምሩ ይደበዝዛል፤ ቪላዎቹ ሳስተው ሳስተው ከሣሩ ጋር ይቀላቀላሉ። የእሷ ሥራ ምስሉን እንዲታይ ማድረግ ነበር። መስመሩን ታወፍራለች፣ ቀለሙን ታደምቃለች፣ ከመነጽሩ ፊት ጠቆር ያለ ፕላስቲክ ትለጥፋለች።

ጊዜው የ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ጉዳይ ከሰበታ እስከ ሰንዳፋ አገሩ ታምሷል። እሷ በተከራየችበት ቡራዩ መንገዱ አንድ ቀን በድንጋይ፣ ሌላ ቀን በጎማ እሳት ይዘጋል፤ የተኩስ ድምፅ የተሰማበት ቀንም አለ። አከራይዋ ሥራዋ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ኮምፒውተር» ብላ ታልፋለች። ከዚያ በላይ መናገር ያስፈራታል፣ ያሳፍራታልም። ሕዝቡ ለምን እንደተቆጣ ለወንዳፍራሽ በደንብ ገብቶታል። «ፕላኑን በዓይናቸው ስላላዩት ነው» ይላል፣ አፉን ሞልቶ።

ስለዚህ ባለፈው ወር ለኦቦ ነገዎ አሳያቸው። ኦቦ ነገዎ በሰፈሩ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ባለሀብቱ ከሚፈልገው ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። መነጽሩን አድርገው ዞር ዞር አሉና «ኩን ማሊ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያሉ ሳቁ። ቪላዎቹን አዩ፣ የተደረደሩትን ዛፎች አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ዞሩ። ቤታቸው አለ። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ አጥሩ፣ ሁሉም በቪላዎቹ መካከል እንዳለ ቆሟል።

«ቤቴ አለ!» አሉ። «አልነኩትም! ሰው በከንቱ ነው የሚያወራው!»

ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነቀሉና በእጃቸው ይዘው መረቁ። ባለሀብቱን መረቁ፣ ወንዳፍራሽን መረቁ፣ የወይንሐረግንም ወልደሽ ሳሚ አሏት። ጎረቤቱ ሁሉ «ሃ ታኡ፣ ይሁን» እያለ ተቀበለ። ወንዳፍራሽ በስልኩ ቀረጸው። ከዚያ ወዲህ ያ ቪዲዮ ያልታየበት ስብሰባ የለም። «ይኸው፣ ማኅበረሰቡ መርቆናል» እያለ ከቢሮ ቢሮ ይዞት ይዞራል፤ ምርቃቱ የእሱ የጉልበት ውጤት ይመስል።

በዚህ ሳምንት የወይንሐረግ ምስሉን ደግማ ልትፈትሽ ወደ ሱሉልታ ስትሄድ፣ ኦቦ ነገዎን ከቤታቸው ጎን መሠረት ሲቆፍሩ አገኘቻቸው።

«አካም ቡልቴ ልጄ? ደኅና አደርሽ?» አሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ልጄ ሊያገባ ነው፤ ሁለት ክፍል እጨምርለታለሁ። ይፈርሳል ሲሉኝ ፈርቼ ትቼው ነበር። አሁን በዓይኔ አየሁ አይደል!»

ደስ ብሏት ላፕቶፗን ከፈተች። ከዚያ ደስታዋ ጠፋ። በላፕቶፑ ላይ፣ ቪላዎቹን ስታደምቅ ልብ ያላለችው አንድ ሰፊ አስፋልት በሜዳው ይመጣና በኦቦ ነገዎ አጥር ይገባል፤ በተቆፈረው መሠረት ላይ ያልፋል፣ ቤቱንም ጠቅልሎ ይሄዳል። መነጽሩን አድርጋ አየች። አስፋልት የሚባል ነገር የለም።

ያን ጊዜ ገባት። ይህ መነጽር የሚሥለው በብርሃን ነው፣ ጥቁር ደግሞ ብርሃን አይደለም። ጥቁር የተቀባ ሁሉ በመነጽሩ ውስጥ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ከኋላው ያለውም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አስፋልቱ ጥቁር ተቀብቷል። ኦቦ ነገዎ ቤታቸውን ያዩት ቤታቸው ስለተረፈ አይደለም። ሰውዬው ጉድጓድ የሚቆፍሩት፣ ልጅ የሚድሩት፣ በሌለ ነገር ተማምነው ነው።

በማግሥቱ ቢሮ ገብታ መንገዱን ቢጫ ቀባችው፤ እንደ ደረሰ ጤፍ ሳይሆን እንደ አደይ አበባ የሚጮኽ ቢጫ። ለወንዳፍራሽም አሳየችውና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አልደነገጠም።

«መልሺው» አላት።

«ለምን?»

«አስፋልት ቢጫ ነው እንዴ? ጥቁር ነው። ሥራችን ሪያሊስቲክ መሆን አለበት።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ይህን ያላት። ዓመት ሙሉ «እንዲታይ አድርጊ» ሲል የከረመ ሰው፣ የሚታየው ነገር እውነት ሲሆን ሪያሊስቲክ መሆን አማረው! ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ንዴት እንኳ ይበዛበታል።

«እሺ» አለችው። ቀለሙን ግን አልነካችውም።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ባለሀብቱ ሌላ የምርቃት ቪዲዮ ፈልጓል፤ ወንዳፍራሽም ስልኩን ደግኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆሟል። የወይንሐረግ መነጽሩን ለኦቦ ነገዎ አደረገችላቸው።

«ኩን ማሊ?» አሉ። በዚህ ጊዜ አልሳቁም። «ይሄ ቢጫው ምንድን ነው ልጄ?»

«መንገድ ነው፣ ኦቦ ነገዎ። አስፋልት።»

ተከተሉት። በአጥሩ በር ገቡ፣ መሠረቱን ተሻገሩ፣ ደጃቸው ላይ ደረሱ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት፤ መኖሩን የሚያረጋግጡ ይመስሉ ነበር።

«ያን ዕለትም ነበረ?»

«ነበረ። ጥቁር ስለተቀባ በመነጽሩ አይታይም። ማወቅ ነበረብኝ፣ አላወቅሁም። ዛሬም እንዳይታይዎት ጥቁር አድርጊው ተብዬ ነበር።»

«የቴክኒክ ስህተት ነው፣ አባታችን!» አለ ወንዳፍራሽ እየተጣደፈ። «ካሳ አለ፣ ምትክ ቦታ አለ፣ ቁጭ ብለን…»

ኦቦ ነገዎ መነጽሩን አወለቁ።

«ምርቃቴን መልስልኝ» አሉት።

«ምርቃት ይመለሳል እንዴ፣ አባታችን?» ፈገግ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። አብሮት ፈገግ ያለ ሰው የለም።

«ዓይኔን ሸፍነህ ነው የወሰድከው። በዚያ ስልክ ይዘኸው ትዞራለህ። አምጣ፣ መልስልኝ።»

ወንዳፍራሽ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ምን እንደሚመለስ፣ እንዴት እንደሚመለስ አያውቅም። የሚያውቀው መኪናው የቆመበትን ብቻ ነው። የሚሮጥ እንዳይመስል እየተጠነቀቀ ሄዶ ገባና በሩን ቆለፈ። ማንም አልተከተለውም፣ ድንጋይ ያነሣም የለም። ያን ያህል እንኳ የቆጠረው አልነበረም።

ኦቦ ነገዎ መነጽሩን ለጎረቤታቸው ለረምዚያ ሰጧት። ረምዚያ አደረገችው፣ ወደ ራሷ ቤት ዞራ አየችና ከጎኗ ላለው አቀበለችው። ሁሉም በየተራው የየራሱን ደጅ ይፈልግ ጀመር። የወይንሐረግ ለእያንዳንዱ ማሰሪያውን ታጠብቃለች፣ ፀሐዩ እንዳይበዛባቸውም በእጇ ትከልላለች።

ወንዳፍራሽ ባለሀብቱን ስለሚፈራ ያለ መነጽሩ መሄድ አልቻለም። መስኮቱን በትንሹ ዝቅ አደረገ።

«የወይንሐረግ! መነጽሩን ተቀብለሽ ነይ፣ እንሂድ!»

ዞር ብላ አየችው።

«ገና ያላየ ሰው አለ» አለችው።