ለቅሶ የመሰለ ዘፈን

«እሁድ የኪነት ቡድኑን ይዘን እንመጣለን። እዚሁ ድንኳን ውስጥ ይዘምሩላታል» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ መርጋ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «እርስዎ ደግሞ ብድግ ብለው ‹ልጄ ለአብዮቱ ተሰዋች› ይላሉ። ይኸው ነው።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ። የልጃቸው የዘውድነሽ ሣልስት ነበር። ወንድሟ ሰብስቤ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ጥርሱን ነከሰ።

«ለመሆኑ ልጅቷ ምን ነበር የተማረችው?» ሲል አንድ ለቀስተኛ ከኋላው አንሾካሾከ።

«ኦፔራ» አለች ጎረቤታቸው ደራርቱ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቄ! ልክ እንደ ለቅሶ ነው፤ ግን ማንም አልሞተም።»

ዘውድነሽ ባሕር ማዶ፣ ሶፊያ ከተማ ተምራ፣ ያለ ማይክሮፎን አዳራሽ ሙሉ ሰው ጸጥ ያሰኘች ዘፋኝ ነበረች። ናዝሬት በገባች ማግሥት ጓዳ ሆና ድምፅዋን ስታሟሙቅ፣ ከፍ ያለውን ዜማ ገና እንደያዘች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየመታ ግቢውን ሞላው። ደራርቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ አንገት ላይ ተጠምጥማ «ወዮ! እኮ ማን ነው?» እያለች አለቀሰች። ዘውድነሽ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ዘፈን ነው!» ስትል ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

መርጋ አልሳቀም። «ሕዝብ ታሸብሪያለሽ» ብሎ ቤቷ ውስጥ እንዳትዘፍን ከለከላት። ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ከኪነት ቡድኑ ጋር መፈክር መጮህ ሆነ፤ ሶደሬ እንግዳ ሲመጣ፣ ቡልቡላ ስብሰባ ሲጠራ፣ በክፍት የጭነት መኪና እየተጫነች። ድምፅዋ ሻከረ፤ ከዚያ ተሰነጠቀ።

ለመጨረሻው ጉዞ ስትጠራ ትኩሳት ይዟት ነበር። ሰብስቤ ቀበሌ ሄዶ ለመነ።

«ጉሮሮዋን ስላመማት አብዮት አይቆምም» አለው መርጋ።

ከቡልቡላ በዚያው ክፍት መኪና፣ በንፋስና በአቧራ ተመልሳ ተኛች። አልተነሣችም። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ።

«ተሰዋች አይባልም» አለ ሰብስቤ አሁን ድንኳኑ ውስጥ፣ ድንገት። «እናንተ ናችሁ...»

እናቱ ክንዱን ጨበጡት። ሌላ ልጅ አልቀራቸውም።

መርጋ ፈገግ አለ። «አስተማሪ አይደለህ አንተ? ጦር ሜዳም እኮ አስተማሪ ይፈለጋል።» ከፊቱ ከተቀመጠው ሳህን ንፍሮ ዘገነ።

«አንተ መርጋ» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የሚሉት። «ልጄ ስትዘፍን ሰምተሃታል?»

«በየሰልፉ ነዋ!»

«እሱ ጩኸት ነው። ዘፈኗን አልሰማህም፤ እኔንም እንዳልሰማ ከለከልከኝ። ልጄ አልተሰዋችም። እያመማት ወስደህ ገደልካት። እሁድ እንዳትመጣ።»

ጎንበስ ብለው ሳህኑን ከፊቱ አነሡ። የዘገነው ስንዴ መዳፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። እሳቸው ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡና ሳህኑን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቀፉት።