አቼቶ ውስጥ የቀሩ ቁልፎች

«ቁጭ በይ ልጄ፤ ሐዘንተኛ እንዲህ አይንቀዠቀዥም» አሉ አጎቷ፣ ቀሚሷን ጎተት አድርገው።

ጊታር ጠጋኟ ተመልሳ ተቀመጠች። ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ለቅሶ ደራሹ ግን አላባራም። ማድ ቤት ውስጥ፣ ከማጠቢያው ሥር ባለ ጎድጓዳ ሳህን፣ የወንድሟ ጊታር ስድስቱ የክር መወጠሪያ ቁልፎች ከነብሎኖቻቸው አቼቶ ውስጥ ተነክረዋል። ጠዋት ሰው ሳይመጣ የነከረቻቸው እሷ ናት። ዝገቱን ለማስለቀቅ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ አቼቶው ቅቡን ይልጠዋል፤ ብረቱንም መብላት ይጀምራል። ይህን ለስንቱ ደንበኛ እየተቆጣች ነግራለች! አሁን ከነከረቻቸው አራት ሰዓት አልፏል። የዚያ ዓይነት ቁልፍ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል።

እንደገና ብድግ ስትል የወንድሟ ባልደረባ፣ ድራመሩ፣ ገባና አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ተንሰቀሰቀ። እሷ በትከሻው በኩል የማድ ቤቱን በር ታያለች። በወንድሟ ለቅሶ ላይ ስለ ብሎን ማሰቧ አሳፈራት። ማሰቧን ግን አልተወችም።

ጊታሩን ያመጣላት ክረምት ላይ ነበር። ጣራው አፍስሶበት ቁልፎቹ አልዞር ብለው ነበር። ወንድሟ ሠርግ ሲጠሩት ሙሽሮቹ በልተው ከጨረሱ በኋላ የሚደርስ፣ ሊቆጡት ሲሉ የሚያስቃቸው ሰው ነበር።

«እቴ፣ ዝገቱን ብቻ አንሺልኝ።»

«ነገ።»

«የደንበኛ ነገ ነው የወንድም ነገ?»

«የወንድም።»

«በቃ፣ አለቀልኝ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ደንበኛ ይጮኻል፣ ወንድም ይታገሣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የምትገፋው የእሱን ሥራ ነበር። አምስት ወር ሙሉ የሰው ጊታር እየተዋሰ ተጫወተ፤ አንድ ቀን እንኳ ቅር አላለውም። ከዚያ አንድ ማለዳ ልቡ ቀጥ አለች።

ድራመሩ ዐይኑን ጠራርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። «ስንቀልድበት ምን ይለን እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹የኔ ጊታር እህቴ ጋ ነው። እሷ የነካችው ዕቃ አዲስ ነው የሚሆነው፤ ቆዩ ብቻ!›»

ይህን ስትሰማ ብድግ አለች፤ አጎቷ ቀሚሷን ቢይዙም ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ማድ ቤት አክስቷ ብርጭቆ ያጥባሉ። ሳህኑን ስታወጣው አቼቶው ጠቁሯል። አንዱን ቁልፍ አንስታ በጥርስ ብሩሽ ፈተግ ስታደርገው ቅቡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ ጣቷ ላይ ቀረ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«ይበጃል?» አሉ አክስቷ ቀስ ብለው።

«አይበጅም፣ አክስቴ። ነገ ነገ ስለው ሞተ። ዛሬ ደግሞ ልድረስለት ብዬ…» ንግግሯን አልጨረሰችውም። «እኔ ነኝ የጨረስኩት።»

አክስቷ ቧንቧውን ዘጉ። ሳሎን ውስጥ አዲስ የመጣ ሰው ያለቅሳል፤ አጎቷም ስሟን ይጠራሉ።

አንዱን ቁልፍ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው። ከማብሰያው ዘይት ጠብ አድርጋበት በሁለት ጣት ያዘችው። እየተንገጫገጨ ዞረ። ክር የለበትም፤ ጊታሩም እዚያ የለም። ከልማዷ ግን ዐይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣ ደግማ አዞረችው።