የአሻፈረኝ ሹራብ

ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ የበግ ጠጉር ሹራብ መሥራት የእብድ ሥራ ነው። እኔ ግን ሠርቻለሁ። ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ በላብ በሚጠመቅበት አገር ጠጉር ጭኔ ላይ ከምሬ ውዬአለሁ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ከሱቅ የተገዛ ሹራብ ሲያመጡልኝ አገላብጬ አይና እመልስላቸዋለሁ። አሮጊቷ አመል አወጣች ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ሹራብ ባየሁ ቁጥር እትዬ ሐምዲያ ትናፍቀኛለች።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ባሌ ዘርትሁን ዱር ገባ። ለጠየቀኝ ሁሉ ደሴ ለንግድ ሄዷል እል ነበር። ማንም አላመነኝም፤ ማንም ግን ሁለተኛ አልጠየቀኝም። የዚያን ዘመን ሰው የሚያውቀውን ሆድ ይፍጀው ብሎ መተው ይችልበት ነበር። ዘርትሁን የቆላ ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ ደረቱ ደካማ ነው፤ እዚሁ ቆላ እንኳ ዝናብ ከመታው ሲያስለው ይሰነብታል። አሁን ከጣርማ በር በላይ፣ ውርጩ ሣሩን በሚያነጣበት ደጋ፣ በአንድ ጋቢ ያድራል። በርበሬ ጭነው ደብረ ሲና የሚመላለሱት ጎረቤቴ ጋሼ ሷሊሕ መስቀል እንዳለፈ አንድ ቃል ይዘውልኝ ወረዱ። ጥይቱንስ ችዬዋለሁ፣ የዘንድሮን ብርድ ግን የማልፈው አይመስለኝም ብሏል አሉኝ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

ሹራብ መሥራት ያወቅሁት ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ፣ አንድ የአርመን ነጋዴ ቤት ሳገለግል ነው፤ ሚስትየዋ አስተማረችኝ። መሥሪያ ስላልነበረኝ ከተሰበረ ጃንጥላ ላይ ዘንጎቹን ነቅዬ ጫፋቸውን በድንጋይ ሞረድኩ። ጠጉሩን ጋሼ ሷሊሕ የአህያ ኮርቻ ውስጥ ጠቅጥቀው ከደጋ አወረዱልኝ። የፈተለችልኝ ደግሞ ሚስታቸው እትዬ ሐምዲያ ናት። የይፋት ሴት ጥጥ ነው የምትፈትለው፤ የበግ ጠጉር አትወድም። እሷም ይገማል እያለች፣ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና፣ እያጉረመረመች ፈተለችው። ለማን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ያለችውን ሴት አይቶ መሆን አለበት።

ያን ሰሞን አንድ ቡችላ ተጠጋኝ፤ የመንገድ ሠራተኞች ጥለውት የሄዱት ቀይ ቡችላ። ና ሲሉት ይሄዳል፣ ሂድ ሲሉት ይተኛል። አንድ ቀን መንገዱ መካከል ተጋድሞ የጣሊያን ካሚዮን አቁሟል፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢነፋ ቢነፋ ጆሮውን እንኳ አላነሳም። ስሙን አሻፈረኝ አልኩት። በዚያ ዘመን ይህን ስም ደጅ ቆሞ ጮክ ብሎ መጥራት እንዴት ደስ እንደሚል የነበረ ያውቀዋል። ውሻዬን ነው የጠራሁት፤ ማን ይከሰኛል?

እትዬ ሐምዲያ ግን ስሙን ጠርታው አታውቅም። "ያ ነገር" ነው የምትለው። የውሻ ምራቅ ልብሷን ከነካው ነጃሳ ነው፤ አንዱን በአፈር አድርጋ ሰባት ጊዜ ካላጠበችው አትሰግድበትም። ስለዚህ በእሾህ አጥራችን ቀዳዳ አሾልኮ ብቅ ባለ ቁጥር በመጥረጊያ ታባርረዋለች። እሱ ደግሞ የተከለከለው ነገር ስለሚጥመው ከኔ ግቢ የሷን አበለጠ።

ኅዳር ገብቶ ሹራቡ አንድ እጅጌ ሲቀረው ሮቢ ወንዝ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ስመለስ መደቡ ባዶ ነው። ክሩ ከቤቴ ደጃፍ ጀምሮ ግቢውን አቋርጦ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቷል። ያንን ቡችላ እየረገምኩ ክሩን ተከትዬ ሄድኩና ላጮልቅ ጎንበስ ስል የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ባንዶች እትዬ ሐምዲያ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ሰሞኑን ለአርበኛ ስንቅ የሚልክ ይፈለግ ነበር። አንደኛው፣ ከአነጋገሩ የዚያው የቆላው ሰው ነው፣ የሹራቡን እጅጌ ይዟል። ሌላውን ጫፍ አሻፈረኝ ነክሶታል።

በዚያ ሙቀት የበግ ጠጉር ሹራብ ለማን እንደሚሠራ ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። ክሩ ደግሞ ከሰውየው እግር ሥር ተነሥቶ እስከ ቤቴ ደጃፍ ተዘርግቷል፤ አንድ ጊዜ ዐይኑን ቢጥልበት አበቃልኝ። አጥሩ ሥር ተንበርክኬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። በኔ በኩል የቀረውን እየሰበሰብኩ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩ።

"የማን ነው ይሄ?" አላት።

እትዬ ሐምዲያ ለሰላት ልትነሣ ታጥባ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ነበር። ወደኔ አጥር አላየችም።

"የውሻው ነው።"

"ውሻውስ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

ሰውየው ሳቀ። የእስላም ቤት ውሻ ከመቼ ወዲህ ሹራብ ለበሰ ብሎ ለጓደኛው አወራ። እሷ ሳቁን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ጎንበስ ብላ ያንን ጭቃና ምራቅ የሆነ ቡችላ አነሣችና፣ በዚያ ነጭ ልብስ ላይ፣ እቅፍ አድርጋው ተቀመጠች።

"ወላሂ፣ የውሻው ነው።"

ባንዳው ሹራቡን ጎተተ። አሻፈረኝ አለቀቀም። ደግሞ ጎተተ፤ ያ የመዳፍ ያህል ፍጥረት ከእቅፏ ሳይወርድ እያጉረመረመ ጥርሱን ይበልጥ ነከሰ። ሰውየው የአገሩን ልማድ ያውቃል፤ ውሻውን ሳይሆን የሴትየዋን ልብስ ነበር የሚያየው። በመጨረሻ እጅጌውን ለቀቀና፣ ለሐሰት ብላ ውሻ የምታቅፍ እስላም የለችም፣ እንሂድ ብሎ ጓደኛውን ይዞ ወጣ።

እዚያው አጥሩ ሥር እንደተንበረከክኩ ቀረሁ። በቀዳዳው ሳያት ልብሷን ለውጣ ያንን ነጭ ልብስ ታጥባለች። ውሃውን ትደፋለች፣ እንደገና ትቀዳለች፣ አፈር ትበጠብጣለች፣ ታሻለች። ውሃው እሷም እንደኔ ከወንዝ በጀርባዋ ያመጣችው ነው። አለቀስኩ።

ልቤ ሲመለስልኝ ሄጄ ጉልበቷን ስሜ ሹራቡን ስጪኝ አልኳት። አጥቤ እጅጌውን ልጨርስ፤ ብርዱ ደርሷል።

"አልሰጥሽም" አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

"ወላሂ ብዬ ምያለሁ፣ እቴነሽ። ውሻው የኔ ነው፣ ሹራቡም የውሻው ነው ብያለሁ። የአላህን ስም ጠርቼ የማልኩትን ሐሰት አላደርገውም።"

እኔ መቼም አመለኛ ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የደከምኩበትን፣ የባሌን ነፍስ፣ ለውሻ ሰጠሽው ብዬ ጮህኩባት። ወጥቼ ሄድኩ፤ ብዙ ቀንም አላናገርኳት። በአጥሩ በኩል ሳይ ግን ከፍየሎቹ በረት አጠገብ የሣር ዳስ ተሠርታለች፤ ውስጧ የኔ ሹራብ ተነጥፏል፤ አሻፈረኝ እላዩ ላይ ተጋድሟል። ስጠራው አንገቱን እንኳ አላዞረም። ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ፤ ይኸው ከዘንቢሏ ቆሎ ሳይቀር እያካፈለችው የሷ ሆነ። ስታበላው ፊቷን አዙራ ነው፤ አንድም ቀን ግን ጦሙን አላሳደረችውም።

አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት እትዬ ሐምዲያ ደጄ ላይ ቆማለች። በሁለት እጇ የያዘችው የተፈተለ ጠጉር ነው፤ ከፊተኛው የቀጠነ፣ የጠበቀ። ለዒድ ልታሠራው የጀመረችውን የጥጥ ፈትል አስቀምጣ ጋሼ ሷሊሕን ሌላ ጠጉር አስመጥታ ኖሯል። ጣቶቿ ተላልጠዋል።

"ይሄኛው የማንም አይደለም፤ አልማልኩበትም" አለችኝ። "ፈጥነሽ ሥሪ።"

ሠራሁ። እሷም እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር፤ ክሩን እየለቀቀችልኝ የማሾውን አዝመራ፣ የልጆቿን ነገር ታወራኛለች። የታረቅነው እንዲያ ነው፤ ይቅርታ የሚባል ቃል በመካከላችን አልተነሣም። ሹራቡ ሲያልቅ ጋሼ ሷሊሕ በርበሬው ጆንያ ውስጥ ቀብረው ወሰዱት። ሲመለሱ የዘርትሁንን ቃል ነገሩን፤ ማስነጠሱ ነው እንጂ ያስቸገረኝ ብርዱስ ለቆኛል ብሏል አሉ። እትዬ ሐምዲያ እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ጣሊያን ሲወጣ ዘርትሁን ወረደ። ሚያዝያ ነበር፤ ቆላችን በሚጋይበት ወር። ሰውየው ግን ያንን ሹራብ ከላይ ለብሶ፣ ላቡ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ ነው የመጣው። ቢያንቀኝም አላወልቀውም፣ መጀመሪያ የፈተለችው ትየው አለኝና ገና ውሃ ሳይጠጣ ወደ እትዬ ሐምዲያ ደጅ ሄደ። እኔም ከኋላው ሮጥኩ።

አሻፈረኝ ትልቅ ውሻ ሆኖ ነበር፤ የዚያን ግቢ በር ያለ እሱ ፈቃድ የሚያልፍ የለም። ዘርትሁንን አያውቀውም፤ የበግ ጠጉር ሹራብ ግን ያውቃል። ዘሎ ጫፉን ነከሰና አለቅም አለ። ጮህኩበት፣ ዱላ አነሣሁበት፤ እሱ እቴ። ዘርትሁን ውሻውን ሹራቡ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ፤ ወደ ፊት መራመድም ወደ ኋላ መመለስም አቃተው።

እትዬ ሐምዲያ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። ለሰላት የምትለብሰውን ነጭ ልብሷን ለብሳለች። ባሌን አየችው፤ ሹራቡን አየችው፤ ዐይኗ እንባ ሞላ።

"አሻፈረኝ፣ ልቀቅ" አለችው። ስሙን ስትጠራው ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። "ይሄኛው የሱ ነው። ወላሂ።"

መቼ ሰምቶ! ዘርትሁን ምራቅ የነካው ልብሱን አይቶ ወደ ኋላ አለ፤ እንዳላረክስሽ፣ እትዬ፣ እዚሁ ሆኜ ልሳለምሽ አላት። እሷ ግን መጥታ ከነውሻው አቀፈችው።

"ና ግባ፣ ልጄ" አለችው። "ሰባት ጊዜ ማጠቡን ለምጄዋለሁ።"