የቀኙ ስፒከር ጩኸት

መምህሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሂሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ቁመቱ ዘለግ፣ እግሩ ቀጠን ያለ ስለሆነ ተማሪዎቹ «ኮምፓስ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱም ያልሰማ መስሎ ያልፋል። ትምህርት በተዘጋ ሰሞን አንድ ትልቅ ካርቶን ቤቱ ድረስ መጣለት። ሚስቱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መስሏት ፊቷ በርቶ ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ባዶ የብረት ሣጥን፣ ሦስት ከባድ ትራንስፎርመር፣ በወረቀት የተጠቀለሉ የመስታወት አምፖሎችና በየላስቲኩ የተቋጠረ ጥቃቅን ኮተት ወጣ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አምፕሊፋየር ነዋ። የዘፈን ድምፅ የሚያጎላ። እንደ ድሮ ራዲዮ በአምፖል የሚሠራ።»

«የቱ ጋ ነው አምፕሊፋየሩ?»

«ገና እገጥመዋለሁ።»

ሚስቱ ነርስ ናት፤ የተሰበረ ሲገጠም ብዙ አይታለች። ኮተቱን ትክ ብላ አየችና «እግዜር ይማርህ» ብላው ወደ ሆስፒታሏ ሄደች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛው ለምግብ መሆኑ ቀረ። መምህሩ ከኮተቱ ውስጥ እያንዳንዷን ሬዚስተር በቴስተር እየለካ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ የመበየጃ ካውያውን አግሎ፣ ቀልጦ የሚያያይዘው ሊድ እንደ ዓሣ ዓይን እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይበይዳል። በሁለተኛው ቀን የጠረጴዛውን ልብስ አቃጠለውና ቀዳዳው ላይ ሳህን ደፋበት። ከሰዓት በኋላ አማቱ መጥተው ሳህኑን ብድግ አደረጉ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ሳህኑን መልሰው ሄዱ። መምህሩ ከዚያ ይልቅ ቢሰድቡት ይመርጥ ነበር።

አማቱ እነሱ ጋ መኖር ከጀመሩ አራት ወር ሆኗቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ደዋይና ተደዋይን ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ከእሱ ጋር ግን መስመሩ አልተገናኘም። ጠዋት «እንደምን አደሩ?»፣ ማታ «ደህና እደሩ»፣ በመሀል ስለ ዝናቡ፤ አለቀ። ሹራባቸውን እየሠሩ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ሲያዩት፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ይጨንቀዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚስቱ እረፍት በሆነችበት ቀን፣ ሥራው አለቀ። መምህሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሁለቱንም ሴቶች ሶፋው ላይ አስቀመጠና ቴፑንና ሁለት የቆዩ ስፒከሮቹን አገናኝቶ ማብሪያውን ተጫነ። አምፖሎቹ ቀስ እያሉ እንደ ፍም ቀሉ። ከግራው ስፒከር የአንዲት ዘፋኝ ድምፅ ማር ሆኖ ፈሰሰ። ከቀኙ ግን «ዊይይይይ!» የሚል ጩኸት ወጣና የጎረቤት ውሻ ተቀበለው።

«ምጥ ይዞታል!» አለች ሚስቱ ጆሮዋን ይዛ። «አጥፋው፣ አጥፋው!»

አጠፋው። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ከሣጥኑ ሆድ ውስጥ አልወጣም። የቀኙን አምፖሎች ወደ ግራ አዛወረ፤ ጩኸቱ እዚያው ቀኝ ቀረ። ስለዚህ አምፖሎቹ ንጹሕ ናቸው። የተበየደውን አቅልጦ እንደገና በየደ። እጁን ከማስገባቱ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ኮንዴንሰሮቹ እስኪራገፉ ይጠብቃል፤ እነሱ እንደ ቂመኛ ሰው ናቸውና፣ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላም ኃይሉን በውስጣቸው ያቆያሉ። በቴስተር ሲለካ ሁሉም ልክ ነው። ሲያበራው ግን ያው ይጮሃል።

«በሽተኛው እንዴት አደረ?» ትለዋለች ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ።

«ለውጥ የለውም።»

«ቤተሰቦቹን ልጥራ?»

ሐሙስ ዕለት ሚስቱ ሥራ ላይ ሳለች፣ መምህሩ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እንደተቀመጠ፣ አማቱ ሹራባቸውን አስቀምጠው መጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ይናገሩ እማማ።»

«ይኼ የተበላሸ ዕቃ ጩኸት አይደለም። እኛ ጋ መስመር ተሳስቶ ሲሰካ፣ የሰውየው ድምፅ ዞሮ ራሱ ላይ ሲመጣ እንዲህ ይጮህ ነበር። ይኼም የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ነው የሚጮኸው።»

መምህሩ ቀና አለ። ትክክል ናቸው። ከመጨረሻው ትራንስፎርመር ወደ መጀመሪያው አምፖል ትንሽ ድምፅ የሚመልስ ሽቦ አለ፤ በልኩ ሲገጠም አምፖሉን ያረጋጋዋል፣ የትራንስፎርመሩ ሁለት ገመዶች ቦታ ከተለዋወጡ ግን እሳት ላይ ዘይት ነው።

«እሱን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ እማማ። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ አረንጓዴው እዚህ፣ ቡኒው እዚያ ነው የሚለው። ይኸው።»

እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«እስቲ አረንጓዴውን በጣትህ አሳየኝ።»

አሳያቸው። እሳቸውም ሄደው የሹራብ ክር ቅርጫታቸውን አመጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«ከዚህ ውስጥ አረንጓዴ አረንጓዴውን ለቅመህ ስጠኝ።»

መምህሩ ግራ ገባው፤ ግን ለአማት እምቢ አይባልም። አምስት ጥቅል ለይቶ ሰጣቸው። እሳቸው ሁለቱን በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ እጃቸው ያዙ።

«እነዚህ አረንጓዴ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ቡኒ ናቸው፤ የኔ ልጅ።»

መምህሩ ክሮቹን አየ። ደግሞ አየ። ለእሱ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ።

«ስልክ ቤት ሊቀጥሩን ሲሉ መጀመሪያ የፈተኑት ዓይናችንን ነው፤» አሉ አጠገቡ እየተቀመጡ። «ገመዱ ሁሉ በቀለም ነው የሚለየው። ከእኔ ጋር የተፈተነ አንድ መልከ መልካም ልጅ ልክ እንዳንተ አድርጎ ወደቀ። እንዴት እንዳዘነ! ላጽናናው ብዬ ወጥቼ፣ በዚያው አገባሁት።»

መምህሩ ባለቤታቸውን በሕይወት ሳሉ አላገኛቸውም። አማቱ ስለ እሳቸው ሲያወሩ መስማቱም ይህ የመጀመሪያው ነው። ለካ ሰሌዳ ላይ በቀለም ጠመኔ ሥሎ «አረንጓዴውን መስመር ተከተሉ» ባለ ቁጥር ተማሪዎቹ የሚንሾካሾኩት ለዚህ ኖሯል! ፊቱ ጋለ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያውቀው! ቀጥሎ ሌላ ነገር ትዝ አለው።

«ታዲያ የግራው እንዴት ትክክል ሆነ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የሂሳብ መምህሩ አንተ ነህ።»

«ሁለት ገመድ ነው…» አለና ራሱን ነቀነቀ። «በግምት ነው የገጠምኩት ማለት ነው።»

አማቱ ሳቁ። አራት ወር ሙሉ አብረው ሲኖሩ ሲስቁ ሰምቷቸው አያውቅም። እሱንም ሳቅ ያዘው።

ከዚያ እሳቸው ቀለም እየጠሩ፣ እሱ እየበየደ፣ የሁለቱን ገመዶች ቦታ አለዋወጡ። «እሱ አይደለም፣ ወንድሙ! አዎ፣ እሱን!» ይላሉ በሹራብ መሥሪያቸው እየጠቆሙ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ማብሪያውን ሲጫን ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። አምፖሎቹ ቀሉ። ጩኸት የለም። ዘፋኟ በግራም በቀኝም ሳትሆን መሀል ላይ፣ ጠረጴዛው አጠገብ የቆመች ይመስል መዝፈን ጀመረች፤ በስንኝና በስንኝ መካከል አየር ስትስብ ሳይቀር ይሰማል።

«እሰይ!» አሉ አማቱ በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳይረበሽ የፈሩ ይመስል።

ሚስቱ አመሻሽ ላይ ስትገባ ባሏና እናቷ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እራት ሳይታሰብ፣ የትኛው ትራንስፎርመር ይበልጥ እንደሚሞቅ ሲከራከሩ አገኘቻቸው። ነገሩን ሲነግሯት ቦርሳዋን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እኔ እኮ ልብስ መምረጥ የማይችል ሰው አገባሁ ብዬ ለእግዜር ትቼው ነበር!» አለች። ከዚያ ተነስታ ራሱን ደባበሰችው። «ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ…»

«ባውቅ አይደል የምነግርሽ?»

«እሱስ ልክ ነህ።»

ሦስቱም አብረው አዳመጡ። ዘፈኑ አልቆ ሌላ ሲጀምር ሚስቱ «በል አሁን ቀንስልኝ፣ ሙሉ ቀን ጩኸት ውስጥ ነው የዋልኩት» አለች።

«የለም፣ ጨምርልኝ፤» አሉ አማቱ። «ይቺን እወዳታለሁ።»

መምህሩ ቁልፉን በጣቶቹ እንደያዘ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ አማቱን አየ። ቀጥሎም ቁልፉን ወደ የትም ሳያዞር፣ እራት ሊያቀርብ ወደ ወጥ ቤት ሸሸ።